መሣሪያችሁን የሚመርጥላችሁ አገሩ ነው

ስለ ቤት ጥገና መሣሪያና ስለ መኪና እንክብካቤ፣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው መስመር ለሚኖሩና ለሚመላለሱ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ ወረቀት ብቻ ይዤ አልመጣሁም፤ ጠረጴዛው ላይ የምታዩአትን የብረት ሳጥንም ተሸክሜ ነው የመጣሁት። በውስጧ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣሁ አሳያችኋለሁ። መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ስጡን» ብትሉ የሚወጣላችሁ ዓይነት አይደለችም። መፍቻና ካቻቢቴ አለባት፤ ነገር ግን የጣውላ ቁራጭ፣ ነጭ ጨርቅ፣ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭና የተማሪ ደብተርም አለባት።

እነዚህን የመረጠልኝ መንገዱ ነው። ከአይከል ቁልቁል ወርዶ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን አልፎ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከገላባት በዶካ በኩል እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ። አንዱን ዕቃ ሙቀቱ አስገባው፣ አንዱን አቧራው፣ አንዱን ጥቁር አፈሩ፣ አንዱን ደግሞ ርቀቱ። የምነግራችሁ ነገር ባጭሩ ይኸው ነው፦ መሣሪያ ስትገዙ ከሻጩ ይልቅ የምትነዱበትን አገር ስሙ። አገሩ መኪናችሁን በየት በኩል እንደሚያጠቃው ካወቃችሁ፣ ጥቂት ዕቃ ይበቃችኋል፤ ካላወቃችሁ ሙሉ ጋራዥ ቢኖራችሁም መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

ገላባት ላይ የቆሙት ታንኮች

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ገላባት ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ጣሊያን ከጥቂት ወራት በፊት ገላባትን ከእንግሊዝ ነጥቆ ምሽግ ሠርቶበት ነበር። በኋላ ታላቅ የጦር መሪ የሆነው ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም፣ የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮችን አሰልፎ፣ 12 ታንኮች ይዞ ጎሕ ሲቀድ አጠቃ። ምሽጉንም ያዘ። ግን ከታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በኮረብታው ድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተሰበረ ባሉበት ቆሙ። የሚጠግኗቸው ባለሙያዎች ነበሩ፤ መለዋወጫ የጫነው ካሚዮን ግን በአየር ድብደባ ተመታ። ዕቃው ሲጠፋ እጃቸው ተያዘ። ከአየር ጥቃቱ ብርታት ጋር ተደርቦ፣ ወደ መተማ ሊሻገር የታሰበው ጥቃት ሳይሆን ቀረ።

ይህን የማነሣው ለጦርነት ወግ አይደለም። የዚያን ዕለት ታንክ የሚያህል ብረት ካስቆሙት ነገሮች አንዱ የአገሩ ድንጋይ ነበር፤ እንዳይነሣ ያደረገው ደግሞ በእጅ የሚያዝ የሰንሰለት መለዋወጫ መጥፋቱ ነበር። እኛም በየቀኑ የምናየው ይህንኑ ነው። ከዶካ ወዲህ የቆመ ፒካፕ ኮፈኑን ከፍታችሁ ብታዩት፣ ብዙ ጊዜ ያቆመው የተሰበረ ሞተር ሆኖ አይገኝም፤ የላላች የባትሪ ራስ፣ የተቆረጠች ቺንጋ ወይም የተሰነጠቀች የራዲያተር ቱቦ ናት።

ገዳሪፍ ደግሞ የማሽን አገር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ እ.ኤ.አ. 1944 ግድም፣ በጥቁር አፈሩ ሜዳ ላይ በትራክተር ማሽላ ማረስ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሰሊጡም ማሽላውም የሚመረተው በሞተር ነው። ከእኛ ወገን ለአጨዳ የወረደው፣ ተሰዶ የገባው፣ ነግዶ የሚመላለሰው ሁሉ በዚያ ብረት ዙሪያ ኖሯል። እኔም ሙያውን የጀመርኩት እዚያው በልጅነቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው። ቋንቋችንም ይህን ታሪክ ይናገራል፤ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ ስንል ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ቃል ነው የምንጠቀመው። ድንበሩን ስንሻገር ጋራዡ ወርሻ፣ ጎማው ለስቲክ፣ መፍቻው ሙፍታሕ ይሆናል። ሥራው ግን ያው አንድ ነው።

ሙቀቱ የመረጠው

ከሳጥኑ መጀመሪያ የማወጣው ይህን የራዲያተር ክዳን ነው። ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎማ እዩት፤ ተሰንጥቋል። ለማስተማሪያ ያስቀመጥኩት ነው።

አንድ ሚያዝያ ቀን፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በወጣበት፣ ማሽላ ጭነን ከገዳሪፍ ወደ ገላባት ስንመጣ መኪናው ፈላ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ፈጥኜ ወርጄ ክዳኑን ለመክፈት እጄን ስዘረጋ ሹፌሩ ክንዴን ያዘኝ። ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበሩ፤ እኛ «ዐሚ» ነበር የምንላቸው። «ሽዋያ፣ ሽዋያ፣ ያ ወለዲ» አሉኝ፤ ቀስ በል ልጄ ማለታቸው ነው። ከግራር ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ሻይ አፈሉ። ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ቆየን። ከዚያ ሄደው የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በመዳፋቸው ያዙት። ሳያቃጥላቸው ጨብጠው ሊቆዩ ሲችሉ ብቻ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ብቻ አዞሩት። የቀረው እንፋሎት ፉጨት አሰምቶ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ የከፈቱት።

ጥፋቱ የክዳኑ ጎማ ነበር። ዐሚ ከአሮጌ ካላማዳሪ በቢላ ክብ ቁራጭ ቆርጠው፣ በልኩ አስተካክለው ከክዳኑ ሥር ገጠሙት። ውሃ ሞላን፣ ቀስ እያልን ገላባት ደረስን፤ በማግስቱ አዲስ ክዳን ተገዛ። ይህች የካላማዳሪ ቁራጭ በሳጥኔ የምትኖረው ስለዚያ ቀን ነው።

አንዲት ክዳን ይህን ያህል ለምን ታስፈልጋለች? ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚያ በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት በባር ሲለካ ነው። 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የውሃውን መፍያ ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው ሲሰነጠቅ ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሳይታመም ውሃው ይፈላል። ስለዚህ መኪናው ሲፈላ ቴስታ ከማስፈታታችሁ በፊት ክዳኑን፣ ቺንጋውንና ቱቦዎቹን እዩ። ስትተኩም ያንኑ ቁጥር ግዙ።

ብዙ ሰው «ቆላ ነው፣ አያስፈልገውም» ብሎ ቴርሞስታቱን ያስወጣል። ይህን አታድርጉ። ቴርሞስታት ሞተሩ በልኩ እንዲሞቅ የሚያደርግ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ደጋ ላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ስለሚመለስ ይብሱን ያፈላዋል። ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃም ሁልጊዜ አትሙሉ። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ በራዲያተሩ ቀጭን ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። የራዲያተር ኩላንት ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ደግሞ ገለባና የሣር ዘር የራዲያተሩን ፊት ይደፍነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ጉልበት በሌለው ውሃ እጠቡት። ኃይለኛ ውሃ ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

ሙቀቱ የመረጠው ሁለተኛው ዕቃ ይህ ትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መካኒኮች ቴስተር የሚሉት ነው። ባትሪ የሚሞተው በብርድ ይመስለናል፤ የባትሪን ዕድሜ ይበልጥ የሚያሳጥረው ግን ሙቀት ነው። መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት ሳይነሣ ለኩት። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹን አጥቷል፤ 12 ከሆነ ሊከዳችሁ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ይህን ካወቃችሁ «ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው?» እያላችሁ ሁለቱንም አትገዙም። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ፣ ውሃው ሳህኖቹን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መሸፈኑን እዩ፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ስትገጥሙ መጨረሻ ኔጋቲቩን። ይህ ቅደም ተከተል መፍቻው ከአካሉ ብረት ጋር ተነካክቶ እሳት እንዳይተፋ ይጠብቃችኋል።

አቧራው የመረጠው

ይህ ነጭ ጨርቅ ነው። ዋጋው ምንም ነው፤ ከሳጥኑ ዕቃ ሁሉ ግን ሞተር በማዳን የሚቀድመው የለም።

በዚህ አገር ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ሰማዩ ቀይ ይሆናል። ሃቡብ ባይነሣም ከፊታችሁ የሚሄደው የሰሊጥ ካሚዮን ይበቃል። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከፊልትሮው አልፎ ከገባ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ጭስ መትፋት ይጀምራል፤ መድኃኒቱም ትልቅ ወጪ ነው።

የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ አውጥታችሁ እዩ። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አየር የምትነፉት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀለል ባለ ግፊት ይሁን። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን አይታጠብም፤ በብረትም አይመታም። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ አለ። ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ፍቱና ነጩን ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ የውስጡን ግድግዳ ጥረጉበት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ሞተራችሁ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል። የአቧራ ቀለም ይዞ ከወጣ ግን ፊልትሮው አዲስ ቢሆንም አቧራ በሌላ በር እየገባ ነው፤ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይም ፊልትሮው በቦታው አልተቀመጠም። ይህን ምርመራ ለማድረግ አንድ ካቻቢቴና አሥር ደቂቃ ይበቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ልጆቻችሁንም በዚህ አስጀምሯቸው።

በአሮጌ ትራክተር ላይ ፊልትሮው ከታች ዘይት የሚቀመጥበት ሳህን ያለው ነው። በእርሻ ወቅት ያንን ሳህን በየቀኑ እዩ። ዘይቱ ጭቃ ሆኖ ከተገኘ ደፍታችሁ፣ አጥባችሁ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ አዲስ ሙሉ።

ጥቁር አፈሩ የመረጠው

አሁን ይህን ጣውላ እዩ። ጎኑ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ውፍረቱ አራት ጣት ይሆናል። ከመፍቻዎቼ ሁሉ በፊት የምጭነው እሱን ነው።

እኛ ዋልካ፣ ሱዳኖች ባዶባ የሚሉት ይህ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ አብጦ ይይዛል፣ ያንሸራትታል። ክሪክ ዋልካ ላይ ብታቆሙት መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ወደ መሬት ይገባል። ከላይ ደርቆ የሚታይ አፈር ከሥሩ ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናው ከተነሣ በኋላ ክሪኩ ዘመም ይላል። ሰው የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ክሪክ ሁልጊዜ ጣውላ ላይ።

ቅደም ተከተሉን በደንብ ያዙልኝ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ። ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ አድርጉበት። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ብሎኖቹን ጥቂት አላሉ። ከዚያ አንሡ። ከመኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከክሪኩ ሌላ የብረት ካቫሌቶ ከሥሩ አቁሙ፤ መኪናውን በእጃችሁ ነቅንቁት፤ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ግቡ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ለአንዲት ደቂቃም አትግቡ። የሲሚንቶ ብሎኬት አትመኑ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ከዛሬው ንግግር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም።

ጎማውን ስትመልሱ ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣት አስገቡ፤ ከዚያ በመፍቻ አንዱን አጥብቃችሁ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ሂዱ። መጨረሻውን የምታጠብቁት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። መፍቻው ላይ ቆማችሁ አትርገጡ፤ ብሎኑ ተስቦ ሌላ ቀን ይበጠሳል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ዳግመኛ ፈትሹት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች፤ ለወገብ የተባለው ለጎማም ይሆናል።

ጎማ ስትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ስትገዙ፣ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ፈልጉ። 2319 የሚል ካገኛችሁ፣ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ሙቀትና ፀሐይ ጎማን ሳይነዳም ያስረጁታል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በግንቦት አስፋልት ላይ ይፈነዳል። አየሩን ጠዋት፣ ሳይሞቅ ለኩ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር መለኪያው ላይ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ «በዝቷል» ብላችሁ አታስተንፍሱት።

ጭቃው ሌላም ሥራ አለው። በጎማው ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ አንዱ ወገን ይከብድና መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱ ባላንስ ለማስደረግ ገንዘብ ይከፍላል፤ መድኃኒቱ ግን ውሃና ብሩሽ ነበር። ክሮቼራው ውስጥ ሲገባ ግራሶውን ያባርራል። ይህ የግራሶ ፖምፓ የተገዛው ለዚህ ነው። የክረምቱን ውሃና ጭቃ ከተሻገራችሁ በኋላ፣ የግራሶ መግቢያውን በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ አሮጌው ግራሶ ከነጭቃው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፉ። ሳትጠርጉ ብትገፉ ጭቃውን ራሳችሁ ታስገቡታላችሁ።

ርቀቱ የመረጠው

ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ነዳጅ በጀሪካን የሚገዛበት ጊዜ ብዙ ነው። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ ውሃውና ቆሻሻው ከታች ይተኛል። ጀሪካኑን ሌሊቱን ሳይነካ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ ያለውን ብቻ በጥሩ ወንፊትና ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ፤ የታችኛውን ጥቂት ተዉት። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ መክፈቻ በየጊዜው አላልታችሁ ውሃውን አፍስሱ። ነዳጅን በአፍ ስቦ በቱቦ መገልበጥ ግን ይቅር። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰው ይገድላል፤ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መሳቢያ በርካሽ ይገኛል። ጀሪካን ሲሞላም መሬት ላይ ይቀመጥ፤ መኪና ላይ እንዳለ አይሞላ።

ርቀቱ ያስተማረኝ ሌላው ነገር የፍሬን ነገር ነው። ከአይከል እስከ መተማ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሆኖ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከፍሬን ሳታነሡ ከወረዳችሁ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ዘይቱንም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አስቀይሩ።

እዚህ ላይ ድንበሩን ማስመር ይገባኛል። የፍሬን ዘይት ልኩን ማየት የእናንተ ሥራ ነው። ከወረደ ግን ዝም ብላችሁ ጨምራችሁ አትሂዱ፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ መጨመር በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣል፤ ፍሬኑም ሊከዳችሁ ይችላል። የፍሬን ውስጥ ሥራ፣ የመሪ ሥራ፣ የናፍጣ ፖምፓ፣ የተጨመቀ ሞላ መፍታት፣ የአየር ከረጢት፣ እነዚህን ለሠለጠነ ባለሙያ ስጡ። በራስ እጅ መጠገን ማለት ሁሉን መፍታት ማለት አይደለም። እናንተ አይታችሁ ቀድማችሁ የምትደርሱበት አለ፤ ባለሙያው የሚፈታው አለ። ሁለቱን የሚለይ ሰው ነው ቤተሰቡ የሚተማመንበት።

በሳጥኑ የቀረው

መፍቻን በተመለከተ፣ ቶዮታ ያላችሁ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ይበቃችኋል፤ ለጎማው ብዙ ጊዜ 21 ነው። የጥንት ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ያላችሁ ግን ብሎኖቹ በኢንች የተሠሩ ናቸው። 19 ቁጥር በሦስት አራተኛ ኢንች ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ግን «ይቀርባል» ተብለው ሲገጠሙ የብሎኑን ጠርዝ ክብ ያደርጉታል። ጠርዙ ክብ የሆነ አንድ ብሎን ከመፍቻው ዋጋ በላይ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ ሃምሳ ዓይነት ርካሽ መፍቻ ከመግዛት ስድስት ጥሩ ግዙ። ሱቁ ውስጥ ብሎን ላይ ገጥማችሁ ነቅንቁት፤ የሚጫወት ከሆነ ተዉት። ባለ ቀለበቱን አስቀድሙ፤ ስድስቱን የብሎን ጎን በአንዴ ስለሚይዝ አይሸራተትም።

ብሎን ዝጎ እምቢ ካለ በጉልበት አትጀምሩ። በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት አጠጡት፣ ጠብቁ፣ ራሱን ቀለል አድርጋችሁ ቀጥቅጡ። ከዚያ ከመፍታታችሁ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ሞክሩት፤ ዝገቱ የሚላቀቀው ብዙ ጊዜ በዚያች ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ማንኛውንም ነገር ሳትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የፈታችሁትን ብሎን በሳህን አኑሩ።

ይህን መፈንቀያ ደግሞ አንድ የገዳሪፍ ቀጥቃጭ ከተሰበረ ባሌስትራ ሠራልኝ። ፋብሪካ የሠራው ሁለት ጊዜ ታጥፎብኛል፤ ይህ ግን እስካሁን አልታጠፈም። ቀጥቃጭን መናቅ ከአባቶቻችን የወረስነው ክፉ ልማድ ነው። ከዚሁ ከቋራ የተነሡት አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ እስከ ማሠራት የደረሱት፣ አፄ ምኒልክም ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያወጡት፣ እጅ የሌለው አገር አገር እንደማይሆን ስላዩ ነው። ልጃችሁ እጁ ዘይት ነክቶት ሲገባ አትቆጡት።

የተቃጠለውን የሞተር ዘይት መሬት ላይ አትድፉት። የምትጠጡት ጉድጓድና የምትዘሩት ሰሊጥ እዚያው መሬት ላይ ናቸው። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ።

ደብተሩ

መጨረሻ የቀረችው ይህች ደብተር ናት። ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የባትሪውን ቮልት፣ የተጨመረውን ውሃ እጽፍባታለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ጊዜ ቢጎድል ምንም ላይሆን ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ከጎደለ ግን የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ይህን የምትነግራችሁ ደብተሯ እንጂ ትዝታ አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ያላቸውን መኪና ይዘው በዚሁ መንገድ ሲመጡ አይታችኋል። በሰላም ዘመን በቀላሉ ይገኝ የነበረ ዕቃ ጠፍቷል፤ ያውቁ የነበሩ እጆችም ተበትነዋል። ዕቃ ሲጠፋ ቀድሞ ማየት የሚችል ዓይን ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። በመንደራችሁ አንድ ቴስተር፣ አንድ የግራሶ ፖምፓ፣ ሁለት ካቫሌቶ በጋራ ብትገዙ፣ ለአሥር ቤት ይበቃል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ስታገኙም ጣውላችሁን አውጡለት፤ ሱዳናዊ ይሁን ሐበሻ ዋልካው አይመርጥም።

ዛሬ ማታ ምንም አትፍቱ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሞተሩ ሳይነሣና ሳይሞቅ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ውሃውን እዩ፣ ዘይቱን እዩ፣ ቺንጋውን በጣታችሁ ንኩ፣ የጎማውን ጎን እዩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ያያችሁትን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ፤ አጠገባችሁ ልጅ ካለ እሱ ይጻፍላችሁ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።